ኤአር 15 ላይ .22 ለመተኮስ፦ ኪት ይሻላል ወይስ ሙሉ አፐር?

በ.22 ኤል አር፣ ማለትም በትንሿና በርካሿ ጥይት መለማመድ ከወጪ ያድናል፤ ንዝረቱም ቀላል ስለሆነ ሐሳባችሁ ሁሉ ቃታ አሳሳባችሁ ላይ ይሆናል። ኤአር 15 የተባለው ጠመንጃ (የራሱ ጥይት 5.56 ነው) ያለው ሰው ለዚህ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ኪት ነው፦ የጠመንጃው ቦልት (ጥይቱን ገፍቶ የሚያስገባውና ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ወጥቶ የ.22 ቦልት ይገባል፣ ለትንሿ ጥይት የተሠራ ካዝና ይሰካል፣ በርሜሉ ግን የነበረው ነው። ሁለተኛው ሙሉ አፐር ነው፦ የላይኛው አካል ከነበርሜሉ ለ.22 ተብሎ የተሠራ ሲሆን በሁለት ፒን ከታችኛው አካል ጋር ይገጠማል። እኔ ኪቱን አስቀደምኩ፤ አፐሩን የገዛሁት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት የአገራችሁን ሕግ አጣሩ። አንዱ ዘንድ ፈቃድ የሚጠየቀው ለታችኛው አካል ብቻ ነው፤ ሌላው ዘንድ በርሜልና ቦልትም ለየብቻቸው ይመዘገባሉ። ጠመንጃውን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ካዝናውን ነቅላችሁ ውስጡ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ።

ቀጥሎ በርሜላችሁ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ምርጫውን የሚወስነው ግን እሱ ነው። 1:7፣ 1:8 ወይም 1:9 የሚል ታገኛላችሁ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ጥምዝ መስመር በስንት ኢንች አንድ ዙር እንደሚዞር ይነግራችኋል። ለ.22 ኤል አር የሚሠራ በርሜል ግን በአብዛኛው 1:16 ነው። የ5.56ና የ.22 እርሳሶች (ከቀለሁ ወጥተው ወደ ዒላማው የሚበሩት የጥይት ጫፎች) ውፍረት በጣም ይቀራረባል፤ የ5.56ቱ 5.69 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ.22ቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ኪት የሚባል ነገር ሊኖር የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የ.22ቷ ለስላሳ እርሳስ ከሚገባት በላይ በፍጥነት እንድትሽከረከር ስትገደድ በአሠራሯ ላይ ያለች ትንሽ መዛነፍ ሁሉ ዒላማው ላይ ጎልታ ትታያለች።

ሌላም አለ። ኪቱ ጫፉ ላይ የ5.56 ቀለህ የሚመስል ብረት አለው። ጥይቷ የምትቀመጠው እዚያ ውስጥ ስለሆነ እርሳሷ ጥምዙን ከመያዟ በፊት የተወሰነ ርቀት ባዶውን ትዘላለች። አፐር ላይ ይህ ዝላይ የለም። ስለዚህ 25 ሜትር ላይ አያያዝ፣ አቋቋምና ካዝና መቀየር ለመለማመድ ኪት ይበቃችኋል። 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ተኩሳችሁ ጥይቶቹ ተጠጋግተው እንዲያርፉ ከፈለጋችሁ ግን በኪት አትድከሙ፤ አፐር ግዙ።

አሁን እኔን ያስከፈለኝን ልንገራችሁ። የ5.56 ጠመንጃ በርሜሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ጋዝ ወስዶ ነው ቦልቱን የሚገፋው። ኪቱ በቀለሁ ግፊት ብቻ ስለሚሠራ ቀዳዳዋ አታስፈልገውም፤ ቀዳዳዋ ግን እዚያው ናት። የእርሳስ ብናኝ፣ የጥይቱ ቅባትና ጥላሸት ቀስ እያለ ይገባባታል። እኔ ወራት ሙሉ በኪት ብቻ ተኩሼ ለውድድር ቀን ቦልቱን ቀይሬ ሄድኩ። የመጀመሪያው የ5.56 ጥይት ተተኮሰ፤ ቀለሁ ግን አልወጣም። በእጄ ስቤ አወጣሁት። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ቤት ገብቼ ስፈታው የጋዝ ቱቦው አፍ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የጠነከረ ግራጫ ነገር አገኘሁ። ኪት ከመረጣችሁ በየልምምዱ መጨረሻ የጥይት ማረፊያውን በብሩሽ በደንብ ጥረጉ፣ ከዚያ የራሱን ቦልት መልሳችሁ ጥቂት የ5.56 ጥይት ተኩሱ፤ ጋዙ መንገዱን ይከፍታል። ከመጥረጋችሁ በፊት ግን አትተኩሱ፤ ቀለሁ ሊነክስባችሁ ይችላል። አፐሩ የጋዝ ቱቦ ስለሌለው ከዚህ ሁሉ ያሳርፋችኋል።

ማነጣጠሪያም አስቡበት። በኪት .22ቱ የሚያርፍበት ከ5.56ቱ ይለያል፣ በተቀያየረ ቁጥር ማስተካከል ግድ ነው። ስንት ጠቅታ እንደዞረ ደብተር ላይ ጻፉ። አፐር የራሱ ማነጣጠሪያ ስለሚኖረው አንዴ ካስተካከላችሁት ይበቃል።

ጥይቱ ባለ 40 ግሬን (ግሬን የእርሳሱ ክብደት መለኪያ ነው)፣ መዳብ የተቀባና ፈጣን ዓይነት ይሁን፤ ቀርፋፋው ቦልቱን ገፍቶ ላይመልሰው ይችላል። እንደ .22 ያለው ሪምፋየር (የቀለሁ ጠርዝ ሲመታ የሚተኮስ) ጥይት ከሌላው ይልቅ ይከሽፋል። ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለባችሁ ግን ወዲያው አቁሙ፤ ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ አለመቅረቱን ሳታዩ ሌላ ጥይት አታስገቡ። ባዶውን ቃታ መሳብም ይቅር፤ መምቻው የማረፊያውን ጠርዝ ሊያበላሸው ይችላል።

በመጨረሻ ካዝናውን ከኪቱ ወይም ከአፐሩ ጋር አብራችሁ ግዙ። የአንዱ ፋብሪካ ካዝና በሌላው ቦልት ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። እኔ ያጋጠመኝ የመንከስ ችግር ሁሉ ከሞላ ጎደል የካዝና ነበር። ሁለት ካዝና ያዙና ቁጥር ጻፉባቸው፤ ሲነክስ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።