ሞርኒንግ ግሎሪ ዘርታችሁ እምቢ ላላችሁ

ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ ከቀትር በኋላ የሚጨማደደው ይህ ሐረግ የስኳር ድንች ዘመድ ነው። አዲስ አበባ በረንዳዬ ላይ ዘርቼ ከሞቱብኝ ውስጥ አብዛኞቹን የገደላቸው የእኔው እንክብካቤ ነው።

ዘሩ አልበቀለም
ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም ካልታየ ልጣጩን ጠርጥሩ፤ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። ዘሩ ጠቆር ያለ፣ የብርቱካን ክፋይ የሚመስል ነው። ጎበጥ ያለውን ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፤ ከሥሩ ነጣ ያለ ነገር ብቅ ሲል አቁሙ። ጫፉ ላይ ያለችውን ጠባሳ አትንኩ። ማታ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ያበጠውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት፤ እንደ ጠጠር የቀረውን እንደገና ፈግፍጉ። ከ24 ሰዓት በላይ ከተዘፈዘፈ መበስበስ ይጀምራል። ዘሩ መርዛማ ስለሆነ ኩባያውን ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት።

በቅሎ ወደቀ
ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ቀጥኖ ከተኛ እርጥበት የወደደ ሻጋታ በልቶታል። የወደቀው አይነሳም። መትከያው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጡ።

ሲዛወር ቆመ
ሥሩ መነካት አይወድም። መጀመሪያውኑ በሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ ዝሩትና ከነካርቶኑ ትከሉት።

ቅጠሉ ነጣ
የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። ማዳበሪያ አይፈውሰውም። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ካልሆነም ከየካቲት በኋላ ዝሩ።

ቅጠል ብቻ፣ አበባ የለም
ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። በመጀመሪያ ፀሐዩን ቁጠሩ፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቀጥሎ ማዳበሪያውን ጠይቁ። ዩሪያ ወይም ፍግ የበዛበት ሐረግ ናይትሮጅኑን ወደ ቅጠል ያውለዋል፤ ደከም ያለ አፈር ይሻለዋል።

ሦስተኛውን ምክንያት ብዙዎች አይጠረጥሩትም፤ መብራት ነው። ይህ ተክል እምቡጥ ለመያዝ ረጅም፣ ያልተቋረጠ ጨለማ ይፈልጋል። በአውሮፓ በጋ ቀኑ ረጅም ስለሆነ ያስቸግራል፤ እኛ ዘንድ ግን ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ የሚያበላሸው የበረንዳ አምፖል ነው። የእኔው ሐረግ እስከ ጣሪያ ደርሶ አንድ እምቡጥ አልሰጠኝም ነበር። አምፖሉን ማጥፋት ጀመርኩ፣ ዩሪያውንም ተውኩ፤ ከወር በላይ ቆይቶ አበበ። የትኛው እንደረዳው ግን እስካሁን አልለየሁም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረጌ ሞኝነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተዘጋ
ጠምቶት ነው ብላችሁ ውኃ አትጨምሩ። አንዷ አበባ የምትቆየው አንድ ጠዋት ነው፤ ደመና ከሆነ ትንሽ ትዘገያለች። የነገዋን ማታ ፈልጉ፤ እንደታጠፈ ጃንጥላ ተጠምዝዛ ትጠብቃችኋለች።