በኪሮሽ የሠራሁት የውሻ አንገት ማሰሪያ እየተለጠጠ ሲያስቸግረኝ

ለውሻዬ በኪሮሽ የሠራሁት የአንገት ማሰሪያ በመጀመሪያው ቀን ልክ ቢሆንም፣ በሦስተኛው ቀን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ፣ ውሻው ወደ ኋላ ሲስብ በጆሮዎቹ ላይ ተንሸራትቶ ይወልቅ ጀመር።

በመጀመሪያ አሳጥሬ ሠራሁት፤ እንደ ቀድሞው ተለጠጠ። ቀጥሎ የተጠቀምሁበትን አክሪሊክ የተባለ ሰው ሠራሽ ክር ደርቤ ሞከርሁ፤ ለአንገት ከበደ እንጂ መለጠጡን አልተወም። ከዚያም ክሩን ወደ ጥጥ፣ የኪሮሹን መርፌ ደግሞ ከ5 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ለወጥሁ፤ ይህ ሥራውን ቢያጠብቀውም ችግሩን ፈጽሞ አላስቀረውም። ኪሮሽ እርስ በርስ የተያያዙ የክር ቀለበቶች ሥራ ስለ ሆነ፣ በተሳበ ቁጥር ቀለበቶቹ ቅርጻቸውን እየለወጡ መርዘማቸው አይቀርም።

መፍትሔው ጭነቱን ከክሩ ላይ ማንሣት ሆነ። ከአሮጌ የጀርባ ቦርሳ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የናይለን የወገብ ማሰሪያ ከነመቆለፊያው ቆርጬ፣ ጫፉ እንዳይተረተር በእሳት ለብለብ አደረግሁት፤ በውሻው አንገት ልክ ካዘጋጀሁት በኋላም የጥጡን ሥራ በላዩ ዘርግቼ ዳር ዳሩን በጠንካራ ክር ሰፋሁት። መጎተቻው የሚያያዝበት የብረት ቀለበት ክሩን ሳይነካ በናይለኑ እጥፋት ውስጥ መግባት አለበት፤ እኔ ይህን ዘንግቼ ስፌቱን እንደ ገና ለመፍታት ተገድጃለሁ። ልኩን ያስተካከልሁት በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት እንዲገባ አድርጌ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለካው ርዝመቱ አልተለወጠም።