ከዛንዚባር እስከ ሐረጎ፦ የዕረፍትን የመጨረሻ ቀን እንዴት ማዋል እንደሚቻል

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ለጫጉላም ይሁን ለዕረፍት ዛንዚባር የሚሄድ ሰው ስለ መሄጃው ወር ሙሉ ይመክራል፤ መመለሻውን የሚያስበው ግን የሆቴሉን ቁልፍ ሲያስረክብ ነው። የመጨረሻው ቀን በሩጫና በንትርክ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀኑን ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ፊት ሳይሆን ከቤታችሁ በር ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የምትወጡበት ሰዓት ከታወቀ የመጨረሻዋ ዋና ስንት ሰዓት ላይ መሆን እንዳለባት አብሮ ይታወቃል።

በመጀመሪያ ትኬቱን አንብቡ

ትኬት ላይ 17፡25 ተብሎ ከተጻፈ 6 ቀንሱ፤ ከቀኑ 11፡25 ነው። ዛንዚባርና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስላሉ የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእነርሱም 2 ሰዓት ነው። ችግሩ፣ ሾፌሩ እንግዳ መሆናችሁን ሲያይ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊያናግራችሁ ይችላል። ቀጠሮ ስትይዙ በቃል ብቻ አትለያዩ፤ ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ አሳዩትና ያረጋግጥላችሁ።

አደገኛው የሌሊት በረራ ነው። «ማክሰኞ 03፡40» የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር የሰኞ ሌሊት 9፡40 ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነውና። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሲዋኝ ውሎ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ቆይቷል።

ቀጥሎ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን እዩ። ከዛንዚባር እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ላይ የተቆረጠ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሌላ በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሰፊ ሰዓት፣ ከተቻለም አንድ ሌሊት ተዉ።

የመጨረሻዋን ሌሊት ከተማ እደሩ

የመዋኛ ዳርቻው ኑንግዊ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ላይ ነው፤ ከአሮጌው ከተማ ከስቶን ታውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። አበይድ አማኒ ካሩሜ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከስቶን ታውን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነጩን አሸዋ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ካልጠገብኩት የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን የመጨረሻውን ሌሊት ስቶን ታውን ማደርን እመርጣለሁ። አሮጌው ከተማ ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ማታ ደግሞ ፎሮዳኒ በተባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ጥብሱ እየተጠበሰ ይሸጣል። ለመጨረሻ እራት ከሆቴል ምግብ ቤት ይሻላል።

የመጨረሻዋን ዋና በባሕሩ ሰዓት ያዙ

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲሸሽ ዓይን እስኪደክም ድረስ ርቆ ይሄድና ባሕሩ የነበረበት ቦታ የአካባቢው ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበት ሜዳ ይሆናል። በደረሳችሁበት ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስለዋኛችሁ በመጨረሻው ቀንም በዚያው ሰዓት ውሃ ታገኛላችሁ ማለት አይደለም። ሆቴሉ የሙላቱን ሰዓት ያውቃል፤ ማታውኑ ጠይቁ።

ከበረራ በፊት በመነጽር ከላይ ከላይ መንሳፈፍ ችግር የለውም። የአየር ጋን ተሸክሞ ጠለቅ ብሎ መዋኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጥልቁ ግፊት ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፣ አለዚያ አውሮፕላን ውስጥ አየሩ ሲሳሳ አረፋ እየሠራ ለከባድ ሕመም ይዳርጋል። ብዙ ጊዜ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያልፍ አትብረሩ። በመጨረሻው ቀን የአየር ጋን ሊያሸክማችሁ የሚፈልግ አስጎብኚ ካለ በጨዋ ደንብ እንቢ በሉት።

ክፍሉን ከምሳ በፊት እንድትለቁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ሻንጣውን እንግዳ መቀበያው ዘንድ አስቀምጡ፣ ከዋና በኋላ የት ገላችሁን እንደምትታጠቡም ቀድማችሁ ጠይቁ። በጨው የደረቀ ቆዳ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ ያሳክካል።

ሻንጣውን ለደሴ ብርድ አዘጋጁ

ወሎ ውስጥ ከሩቅ አገር ባዶ እጅ መግባት ያሳፍራል፤ ዛንዚባር ደግሞ የቅመም ደሴት ናት። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ቁንዶ በርበሬ በደረቁ ታሽገው ይገኛሉ፤ ለሻይም ለወጥም ይሆናሉ፣ አይከብዱም። ትኩስ ፍራፍሬ ግን እዚያው በልታችሁ ጨርሱ። ካንጋ የሚባለው ባለ ቀለም ጨርቅ ለእናትም ለእህትም ጥሩ ስጦታ ነው። ዳርቻው ላይ በስዋሂሊ ተረት ወይም ምክር ይታተምበታል፤ አንዳንዱ ጎረቤትን የሚወጋ አሽሙር ነውና ለአማታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ምን እንደሚል ጠይቁት።

የኮኮናት ዘይት የገዛችሁ እንደሆነ በደንብ ከድናችሁ ለብቻው ጠቅልሉት። ከ24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ስለሚረጋ፣ ዛንዚባር ላይ ውሃ የመሰለው ዘይት ደሴ ሲደርስ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አልተበላሸም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጠርሙሱን ብታስቀምጡት ይቀልጣል። የፀሐይ መከላከያ ክሬሙም በባሕር ጠለል ላይ የተዘጋ ስለሆነ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ ስትከፍቱት ይፈናጠቃል፤ ከጥሩ ልብስ አርቃችሁ ክፈቱት።

ዛጎል፣ ኮራልና ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ ጌጥ አትያዙ። የባሕር ኤሊ ምርት ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፣ ኮራልና ዛጎልም ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ፍተሻ ላይ ያስይዛል። ዕቃ በፌስታል መጠቅለል የለመዳችሁም ልማዳችሁን ለጊዜው ተዉት፤ ፌስታል በዛንዚባር ክልክል ነው። እርጥብ የዋና ልብስ በፎጣ ይጠቀለላል።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ሽቶና ክሬም ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በተቃራኒው ከሚጫነው ጋር ይሂድ። ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ካርድ፣ የቤት ቁልፍ፣ መድኃኒት ከእጃችሁ አይራቁ። ሹራብ ወይም ጋቢ ከሻንጣው በላይኛው ክፍል ላይ ይሁን።

የተረፈ የታንዛኒያ ሽልንግ ካለ እዚያው ጨርሱት ወይም መንዝሩት። ደሴ ፒያሳ ላይ የሚቀበላችሁ የለም።

አውሮፕላን ማረፊያና ቦሌ

ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሻንጣው ሲመዘን የሚለጠፍበትን ወረቀት ሠራተኛው ሳይጥለው እዩት፦ ዲ ኤስ ኢ የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉበት የተላከው ኮምቦልቻ ነው፤ ኤ ዲ ዲ ካለ አዲስ አበባ ላይ ራሳችሁ ታነሱታላችሁ። ኮምቦልቻ ቢልም እንኳ ቦሌ ላይ ለጉምሩክ ማንሳት ይኖርብን እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ይህን ሳይጠይቅ ባዶ እጁን የሚቀር መንገደኛ ብዙ ነው።

ቦሌ ስትወርዱ መጀመሪያ የፓስፖርት ቁጥጥሩን ታልፋላችሁ፤ ከዚያ የአገር ውስጥ በረራ ወዳለበት ተርሚናል 1 ነው የምትሄዱት። ለአገር ውስጥ በረራ የሚፈቀደው ክብደት ከውጭው ሊያንስ ስለሚችል ትኬታችሁ ላይ ያለውን ኪሎ ቀድማችሁ እዩ። ማታ ገብታችሁ የኮምቦልቻው በረራ ለማግስቱ ከሆነ ቦሌ አካባቢ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ። በመኪና ለመቀጠል ያሰበ ደግሞ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል፤ ከመነሳቱ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ቤተሰብን ይጠይቅ፣ በቀንም ይጓዝ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁሉም ዳገት። ከባሕር ጠለል በአንድ ቀን ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ስትደርሱ ትንሽ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ቢሰማችሁ አትደንግጡ፤ ውሃ ጠጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ዕረፉበት። ጎረቤት «እንኳን በሰላም መጣችሁ» ሊል መምጣቱና ቡና መፈላቱ አይቀርምና ወደ ሥራ መግቢያችሁን ለማግስቱ አታድርጉት። ፀሐይ የላጠው ቆዳ ላይ ቅቤ አትቀቡ፤ ቀዝቃዛ ውሃና ሽቶ የሌለው ቅባት ይበቃል።

ከሳምንት በኋላም ሆነ ወሩን ሙሉ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። የወባ ምልክት ትንኟ ከነከሰች ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊታይ ይችላል፤ የደሴ ሐኪም ደግሞ ደጋ ላይ የከረመ ሰው መስላችሁት ወባን ላያስብ ይችላል። ገና ከመቀመጣችሁ ከዛንዚባር እንደተመለሳችሁ ንገሩትና የደም ምርመራ ይዘዝላችሁ።