ጌንሺን ኢምፓክትን ስትጀምሩ፦ ያላችሁን ሳትበትኑ እንዴት ማደግ ይቻላል

ጌንሺን ኢምፓክትን ዛሬ የሚጀምር ሰው ብዙ ነገር ይጠብቀዋል። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አዳዲስ አገሮችና ካራክተሮች ሲጨመሩበት ስለቆየ፣ ሁሉንም በአንዴ ልያዝ የሚል ግራ መጋባቱ አይቀርም። ደግነቱ መጀመሪያ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ትንሽ ነው። ዋናውን ታሪክ አንድ ሳንቲም ሳታወጡ መጫወት ትችላላችሁ። የሚከብደው ያገኛችሁትን እዚህም እዚያም አለመበተን ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን ተከተሉ። አርኮን ኩዌስት የሚባሉት ዋና ተልእኮዎች አድቬንቸር ራንካችሁን (የእናንተን የተጫዋችነት ደረጃ) ከፍ ያደርጋሉ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚከፈተው ደግሞ በዚህ ራንክ ነው። በመንገዳችሁ የምታገኙትን የሰባቱን ሐውልት ሁሉ ንኩ። ካርታውን ይከፍትላችኋል፣ የቆሰለውን ይፈውሳል፣ በኋላም ከሩቅ በቅጽበት ወደዚያው ትመለሱበታላችሁ። የመጀመሪያዋ አገር ሞንድሽታት ውስጥ ገደልና ማማ ላይ የሚያበሩትን አኔሞኩለስ የሚባሉ ዕቃዎች ሰብስባችሁ ለሐውልቱ ስጡ፤ ስታሚናችሁ (የጉልበት መጠናችሁ) የሚያድገው በዚህ ነው። የቀጣይዋ አገር የሊዩ ሐውልቶች ሲጨመሩ ከ100 ተነስቶ እስከ 240 ይደርሳል። ለሩጫም፣ ለመውጣትም፣ ለዋናም፣ ለመንሳፈፍም የሚያስፈልገው እሱ ስለሆነ ይህን ሥራ አትናቁት። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ስታሚና ካለቀባችሁ ትሰምጣላችሁ።

ራንክ 12 ስትደርሱ የዕለት ተልእኮዎች ይከፈታሉ። በቀን አራት ናቸው። ጨርሳችሁ የጀብደኞቹ ማኅበር ወኪል ለሆነችው ኬትሪን ሪፖርት ስታደርጉ በድምሩ 60 ፕሪሞጀም (የጌሙ ዋና እንቁ) ይደርሳችኋል። አንድ ዊሽ፣ ማለትም ካራክተር ወይም መሣሪያ የሚወጣበት አንድ የዕጣ ሙከራ፣ 160 ፕሪሞጀም ነው። ስለዚህ በሦስት ቀን አንድ ዊሽ በነጻ፣ ትንሽ ተርፎም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ሌላ ነገር ለመጫወት ባትፈልጉ እንኳ ይህችን አትዝለሉ።

አሁን ወደ ቲሙ። አራት ሰው ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ግን አራቱንም እኩል ማሳደግ ለጀማሪ አይመከርም። አንድ ዋና አጥቂ ምረጡና ሌቭሉንና መሣሪያውን አስቀድሙ፣ ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ። ሌቭል የሚያሳድገው የልምድ መጽሐፍና የጌሙ ገንዘብ ሞራ መጀመሪያ ላይ የበዙ ይመስላሉ፣ ከሌቭል 40 በኋላ ግን ጉድጓድ እንደ መሙላት ይሆናል። መሣሪያው ላይ ደግሞ አትሰስቱ፤ በዚህ ደረጃ ጉዳታችሁን ቶሎ ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

አምበር፣ ኬያና ሊሳ ከታሪኩ ጋር በነጻ ይመጣሉ። ፈዋሿ ባርባራም ትንሽ ቆይታ በነጻ ትሰጣለች። ራንክ 20 ላይ ስፓይራል አቢስ የሚባለው ባለ ብዙ ፎቅ የፍልሚያ ቦታ ሲከፈት ሦስተኛ ፎቁን አልፋችሁ ሺያንግሊንግ የምትባለውን ካራክተር ውሰዱ። እሷን ችላ የሚሉ ጀማሪዎች ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም በነጻ ከሚሰጡት ሁሉ ጠንካራዋ እሷ ናት፣ በኋላም ከውድ ቲሞች ውስጥ አትጠፋም። እነዚህን ስታሰልፉ ኤለመንታቸውን እያያችሁ ይሁን። እሳትና ውኃ ሲገናኙ ምቱ ይባዛል፣ ውኃና በረዶ ጠላትን በረዶ አድርገው ባለበት ያቆማሉ፣ እሳትና በረዶም በጣም ይመታሉ። አንድ ዓይነት ኤለመንት ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ያንኑ ኤለመንት የማይፈራ ጠላት ሲመጣ ቆሞ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሬዚን ላይ ነው። ሬዚን በስምንት ደቂቃ አንድ እየሞላ እስከ 200 ይደርሳል፣ ከዚያ ይቆማል። ከባዶ እስኪሞላ ከአንድ ቀን ትንሽ ይበልጣል። ቦስ (ከባዱ ጠላት)፣ ዶሜይን (ለብቻው ያለ የፍልሚያ ክፍል) እና ሌይላይን (የልምድ መጽሐፍና ሞራ የሚገኝበት ፍልሚያ) ሽልማት የሚሰጧችሁ በሬዚን ነው፤ ስለዚህ ሞልቶ እንዲቀመጥ አትተዉት። መጀመሪያ ላይ ሬዚናችሁን ለሦስት ነገር አውሉት፦ ለልምድ መጽሐፍ፣ ለሞራ፣ ካራክተራችሁ ሌቭል ሲቆምበት ለሚያስፈልገው የቦስ ዕቃ። አርቲፋክት (ካራክተሩ የሚለብሰው ኃይል ጨማሪ ዕቃ) የሚገኝበት ዶሜይን ውስጥ ገና አትግቡ። ባለ አምስት ኮከብ አርቲፋክት በእርግጠኝነት የሚወጣው ከራንክ 45 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የለፋችሁበት ሁሉ በኋላ ይጣላል። እስከዚያ ከሳጥንና ከተልእኮ ያገኛችሁትን ልበሱና ቀጥሉ። ፍራጃይል ሬዚን የሚባለው፣ አንዱ 60 የሚሞላው ዕቃም እስከዚያው ይቀመጥ። ራንኩ ሲያድግ ዓለሙም እየጠነከረ ይሄዳል፣ ያኔ በዚያው ሬዚን የምታገኙት ይበልጣል።

ጠላቶቹም አብረው ይጠነክራሉ። ራንክ 25 እና 35 ላይ ጌሙ ፈተና ይሰጣችኋል፤ እሱን እስክታልፉ ዓለሙ ባለበት ይቆያል። ቲማችሁ ደካማ ከሆነ አትቸኩሉ፣ የምታገኙት የራንክ ነጥብ እየተጠራቀመ ይቆያችኋል።

ዊሽ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። የጀማሪዎች ባነር (ባነር ማለት ዊሽ የሚደረግበት ዕጣ ነው) ላይ አሥሩን ዊሽ በስምንት ዋጋ ሁለት ጊዜ ታገኛላችሁ፣ በመጀመሪያው አሥር ውስጥ ጋሻና ፈውስ ያላት ኖኤል በእርግጠኝነት ትመጣለች። እሱን ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ ግን ፕሪሞጀማችሁን ወደ ሰማያዊው አኳይንት ፌት (ፌት የዊሽ ትኬት ነው) አትቀይሩ፤ እነዚያ በነጻ ይመጣሉ። ፕሪሞጀም ለካራክተር ባነር ብቻ ይሁን። የባለ አምስት ኮከብ ዕድል ከመቶ 0.6 ነው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ግን በ90ኛው ዊሽ ይመጣል። የመጣው ባነሩ ላይ ያለው ካልሆነ ቀጣዩ በእርግጠኝነት እሱ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የምትፈልጉትን ካራክተር በክፉ ቀን 180 ዊሽ፣ ማለትም 28,800 ፕሪሞጀም ሊያስወጣችሁ ይችላል። ቆጠራው ወደ ቀጣዩ የካራክተር ባነር ስለሚተላለፍ ያወጣችሁት አይጠፋም፣ ግን በየባነሩ አምስት አምስት እየሞከራችሁ ብትሄዱ የማትፈልጉት ሰው መጥቶ ቆጠራውን ዜሮ ያደርግባችኋል። አንድ ሰው ምረጡና ለሱ አጠራቅሙ። የመሣሪያ ባነሩን ለጊዜው እርሱት።

የፓይሞን ሱቅንም በየወሩ እዩ። ዊሽ ስታደርጉ በሚጠራቀምላችሁ ስታርደስት ከሁለቱም ዓይነት ፌት፣ ከአኳይንትም ለካራክተር ባነር ከሚያገለግለው ኢንተርትዋይንድም፣ አምስት አምስት መግዛት ይቻላል፣ አንዱ በ75። ሌላውን ዕቃ ተዉት።

ገንዘብ ላውጣ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ወርሃዊው የዌልኪን ካርድ ነው፤ ለ30 ቀን በየቀኑ 90 ፕሪሞጀም ይሰጣል። ያልገባችሁበት ቀን 90 ግን አይካካስም፤ ስለዚህ በየቀኑ እንደምትገቡ እርግጠኛ ሳትሆኑ አትግዙት።