ትራጄዲ መጨረሻው ቢታወቅም ልብ እንዲሰቅል

«መጨረሻውን እያወቅኩት ምን ያጓጓኛል?» ብላችሁ የምትተዉት ትራጄዲ (በአሳዛኝ ፍጻሜ የሚያልቅ ተውኔት) ካለ፣ ይህችን ሞክሯት። እርሳስ ያዙና በየትዕይንቱ ጠርዝ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ እኔ የማውቀው፣ ባለታሪኩ የማያውቀው ምንድን ነው?

የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፊ የሶፎክልስን ንጉሥ ኤዲፐስ ውሰዱ። ከእሱ በፊት የነገሠውን የላዮስን ገዳይ አገኘዋለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት ይራገማል። ገዳዩ ራሱ ነው። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ሊያረጋጋው ብሎ የተናገረው ነገር ጉዱን ያወጣዋል፤ ላዮስ አባቱ፣ ሚስቱ ዮካስታም እናቱ ናት። ዮካስታ ከእሱ ቀድማ ይገባታል፤ እንዳይጠይቅ ትለምነዋለች። እሱ ግን ይጠይቃል! እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ለምን ይሠራል? ድንጋጤ አንዴ መጥቶ ያልፋል። ሰው ወደ ገደል ሲሄድ እያዩ «ተመለስ» ማለት አለመቻል ግን እስከ መጨረሻው አይለቅም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት የሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥም ተንኮለኛው ኢያጎ ኦቴሎን በሚስቱ ላይ በቅናት ለማነሣሣት የሸረበውን ተንኮል ለእኛ ይነግረናል። የሚስትየው መሐረብ ለምን እንደተፈለገ ከእሱ ሌላ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

ድራማ ለምትጽፉም ይጠቅማል፤ ምስጢሩን ለተመልካች ቀድማችሁ ስጡት። ብሔራዊ ቴአትር ወይም ፒያሳ ሀገር ፍቅር ስትገቡ ግን የጥያቄውን መልስ በሐሳባችሁ ያዙት፤ ለመጻፍ የምታበሩት የስልክ ብርሃን ጎረቤት ይረብሻል።

ገዳዩን ፈልጉ ለሚል የወንጀል ምርመራ ታሪክ ግን አትጠቀሙበት። እዚያ ጨዋታው ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ከመርማሪው ጋር አብሮ መፈለግ አለበት።