አንዱ ጡት ሞልቶ ሌላው ሲጎድል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ጅማ ዝናቧን በማታቆምበት በነሐሴ ነበር። ለአራስ ጥየቃ የሚመጣው ሰው እርጥብ ጃንጥላውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይገባል፤ እኔም ነጠላዬን ወደ ግራ ደረቴ እጎትታለሁ። የግራው ጡቴ ወተት ቀሚሴን አልፎ ይታያል፤ ቀኙ ግን ደረቅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መስታወት ፊት ስቆም የሁለት ሴቶች ጡት የተገጠመልኝ ይመስል ነበር። አማቴ «ብርድ መትቶሽ ነው ልጄ» ብለው አብሽ ዘፈዘፉ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዓይን ነው አሉ። ጥፋቱ የገዛ ቀኝ እጄ ሆኖ ተገኘ፤ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ላም ያለበ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የላም ግት አራት ክፍል አለው። የአንዱ ወተት ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ጥጃም ሰውም ያልነካው ክፍል ለብቻው ይነጥፋል። የእናት ጡትም እንደዚያው ነው። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን እና ወተቱን ገፍቶ የሚያወጣው ኦክሲቶሲን በደም ስለሚዘዋወሩ ለሁለቱም ጡት ይደርሳሉ። ምን ያህል ይመረት የሚለውን ግን እያንዳንዱ ጡት በራሱ ይወስናል፤ ወተት ሲከማችበት ምርቱን ይቀንሳል፣ ሲወጣለት ይጨምራል።

አብሹም፣ አጥሚቱም፣ የአጃ ሾርባውም ቢጠቅሙ የሚጠቅሙት በደም በኩል ነው፤ ደም ደግሞ ግራና ቀኝ አይለይም። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒን ወተት ቢቀንስ ከሁለቱም ይቀንሳል። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገርም ወደ ወተት የሚያልፈው በሁለቱም በኩል ነው። አማቴን ላለማስከፋት አብሹን ጠጣሁት፤ ግራዬ ባሰበት እንጂ ቀኜ አልተነቃነቀም። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ግን እንደኔ ለይሉኝታ ብላ አትጠጣው፤ አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል።

ምልክት፦ ጡቶቹ እኩል አይደሉም፣ ሕፃኑ ግን ደህና ነው

ይህ ሕመም አይደለም። በአብዛኞቹ እናቶች አንዱ ጡት ከሌላው ይበልጣል፤ ወተት የሚሠራው አካልም ሆነ ወተት የመያዝ አቅሙ ከሁለቱም በኩል እኩል ሆኖ አይፈጠርም። ሕፃኑ ከተወለደ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ሽንት ጨርቅ የሚያርስ ከሆነ፣ ሲወለድ የነበረውን ክብደት በሁለት ሳምንት ገደማ ከመለሰና ከዚያም እየጨመረ ከሄደ ወተቱ ይበቃዋል። መንታ አብረው ሲጠቡም ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው አንድ ጡት ነው። የሚያስጨንቅሽ የቀሚሱ አቀማመጥ ብቻ ከሆነ ትንሹ ጡት በኩል ጨርቅ ጣል አድርጊና እርሺው።

ምልክት፦ ሁለቱም ደህና ነበሩ፣ አንዱ ቀስ በቀስ ጎደለ

በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ የኔም ይኸው ነበር። በአራስነቴ ሰው ሲገባና ሲወጣ ልጄን በግራ ክንዴ አቅፌ አጠባለሁ፤ ቀኝ እጄ ሰላም ለማለትና የቡና ስኒ ለመቀበል ነጻ መሆን አለበታ። ጅማ ቤት ውስጥ ደግሞ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌሊትም አልጋው ግድግዳ ተጠግቶ ስለነበር የምተኛው በግራ ጎኔ ነው። አንዲት የጤና ባለሙያ «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ በየትኛው በኩል እንዳጠባሽ ቁጠሪልኝ» ስትለኝ ቆጠርኩ። ከአሥሩ ስምንቱ ግራ ነበር። ቀኙ እንዲሠራ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ሥራውን ተወ።

መፍትሄው ከጎደለው ጡት መጀመር ነው። ሕፃን ሲርበው አጥብቆ ይጠባል፤ ያ ጉልበት ለደካማው ጡት ይሁን። መዋጡን ትቶ ማንቀላፋት ሲጀምር ጡቱን ከደረትሽ ጠጋ ካለው ክፍል በመዳፍሽ ለስለስ አድርገሽ ጨመቅ አድርጊለት፤ ወተት ሲመጣለት እንደገና ይውጣል። ከዚያ ወደ ሙሉው ቀይሪው። አራስ ሕፃን በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ ዕድሉ ብዙ ነው።

ጠብቶ ሲጨርስ የጎደለውን ጡት 10 ወይም 15 ደቂቃ በእጅሽ እለቢው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች አድርገሽ ጠቆር ካለው ክብ ጠርዝ ላይ አሳርፊ፤ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አቀራርበሽ ጨምቀሽ ልቀቂ። ጫፉን ብቻ መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የስኒዋን ቂጥ የማይሸፍን ጠብታ ብታገኚ አትዘኚ፤ የምትፈልጊው ወተቱን ሳይሆን ጡቱ ባዶ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። የወጣውን በንጹሕ ስኒ ለልጁ ስጪው፤ ጡጦ አያስፈልግም። በቤት ሙቀት ቢበዛ ለአራት ሰዓታት ያህል ይቆያል።

ሙሉውን ጡት ግን አትርሺው። ልዩነቱን ለማጥፋት ብለው ሳያጠቡበት የሚውሉ አሉ፤ ትርፉ ተወጥሮ መታመም ነው። ሲያስጨንቅሽ ሕመሙ እስኪቀል ድረስ ብቻ አልበሽ ተዪው፤ እስኪደርቅ ካለብሽው የበለጠ እንዲያመርት እያዘዝሽው ነው። ለውጡ በቀናት መታየት ቢጀምርም አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። የኔ ቀኝ ጡት ከግራው ጋር ጨርሶ አልተካከለም፤ ግን ልጄን ያጠግበው ጀመር።

ምልክት፦ ሕፃኑ አንዱን ጡት አልቀበልም ይላል

ስታስጠጊው ጀርባውን ይለጥጣል፣ ያለቅሳል፣ ሌላውን ስትሰጪው ደግሞ ዝም ብሎ ይጠባል። እዚህ ጋ ከጡቱ በፊት ልጁን ተመልከቺ። አንገቱን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዞር ሕፃን ወደ ሌላው ወገን ዞሮ ሲተኛ ሊያመው ይችላል። ጆሮው ያመመው፣ በምጥ ጊዜ ትከሻው የተጎዳ፣ ወይም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጭኑን የተከተበና ያበጠ ልጅም እንደዚሁ ነው። የክትባቱ በቀናት ያልፋል፤ የአንገቱና የጆሮው ግን መታየት አለበት።

አንድ ቀላል ማታለያ አለ። በሚወደው ጡት ጥቂት አጥቢውና አተኛኘቱን ሳትቀይሪ፣ ሳታገላብጪው፣ በደረትሽ ላይ አንሸራተሽ ወደ ሌላው ጡት ውሰጂው፤ እግሮቹ በብብትሽ ሥር ወደ ኋላ ያልፋሉ። ለልጁ ያው የለመደው ጎን ነው። ወተቱ ቶሎ አልመጣ ብሎት የሚያኮርፈውን ደግሞ አስቀድመሽ ጥቂት አልበሽ ጠብታውን ከንፈሩ ላይ አድርጊለት። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው መሞከርም ይረዳል። እልህ መጋባት ግን አይሆንም፤ እያለቀሰ የተጫነበትን ጡት ሕፃን አይረሳም።

ምልክት፦ የአንዱ ጫፍ ቆስሎ ስለሸሸሽው ጎደለ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አጎራረስ ነው። ጫፉን ብቻ የያዘ አፍ ያቆስላል፤ ወተትም በደንብ አያገኝም። አገጩ ጡትሽን ይንካ፣ አፉ ሰፋ ብሎ ይከፈት፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ፣ ከጠቆረው ክብም ከታች ይልቅ ከላይ የሚታየው ይብዛ። ጉንጩ ከጎደጎደ ወይም የቀጠለ ሕመም ከተሰማሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አጉርሺው።

አቀማመጡም ያጠፋል። ጅማ በእንጨት በርጩማዎቿ ትታወቃለች፤ እኛም ዝቅ ባለችው በርጩማ ላይ ጎንበስ ብለን ጡቱን ወደ ልጁ እናወርዳለን። ይህን ስናደርግ ጫፉ ከአፉ እየተጎተተ ይወጣል። ጀርባ የሚያስደግፍ ወንበር ላይ ተቀመጪና በርጩማዋን ከእግርሽ ሥር አድርጊያት፤ ጉልበትሽ ከፍ ይላል፣ ልጁ ወደ ጡትሽ ይመጣል። ለቁስሉ የራስሽን ወተት ቀብተሽ በአየር አድርቂው። ጨርሶ ማጥባት ካቃተሽ ጫፉ እስኪድን በእጅሽ እያለብሽ ጡቱን ሥራ ላይ አቆዪው።

ምልክት፦ አንዱ ጡት ቀላ፣ ጋለ፣ ብርድ ብርድ አለሽ

ይህን ሰፈራችን ምች ይለዋል፤ ዳማከሴም ይታሻል። ሽታው ደስ ይላል፤ የጡት ኢንፌክሽንን ግን አያድንም። ወተቱ ሕፃኑን ስለማይጎዳው እንደወትሮው ማጥባት ቀጥዪ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጊበት፣ ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ በኃይል አታሺው። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለሽ ወይም ትኩሳቱ ከበረታ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የዘገየ ኢንፌክሽን መግል ይቋጥራል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናት ግን ጫፉ ሲቆስልም ሆነ ጡቱ ሲታመም አንድ ቀን ሳታሳድር ክትትል የምታደርግበት ቦታ ትሂድ።

ከዳነ በኋላ ያ ጡት ለጊዜው ወተቱ ይቀንሳል፣ ጨው ጨውም ይላል፤ ልጁ ፊቱን ቢያጨማድድ አይፈረድበትም። ከላይ በተናገርኩት መንገድ ይመለሳል።

ምልክት፦ ሁሉንም ሞክረሽ አልሆነም

ቀድሞ ቀዶ ጥገና ወይም መግል የወጣበት፣ በልጅነት ደረቱ የተቃጠለ፣ ወይም ከአፈጣጠሩ ወተት ሠሪ አካሉ ያነሰ ጡት በማለብ ብቻ ላይስተካከል ይችላል። ሌላው ጡት ሸክሙን ይይዛል፤ የልጁን ክብደት በየጊዜው ማስመዘን ግን ግድ ነው። የማይጠፋ እብጠት፣ ከጫፉ የሚወጣና የማያቆም ደም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሸበሸበ ቆዳ፣ ወይም በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ ካየሽ ግን ወሬው የወተት አይደለም፤ ጡትሽን በሐኪም አስመርምሪ።

ስትሄጂ ልጁን ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ለአያቱ ትቼው ሄጄ፣ ሲጠባ ሳያዩት የዱቄት ወተት ስም ጽፈው ሸኙኝ።