የጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ እንደነበር በዓይን እንዴት ይታያል?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ የምትረግጡት ጥቁር ድንጋይ አንድ ጊዜ እንደ ወጥ ሲንተከተክ የነበረ ነው። ቀልድ አይደለም። ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓይንና ጠርሙስ ውሃ ይበቃል።

መጀመሪያ አዲስ የተሰበረ ድንጋይ ፈልጉ። ለግንብ ከተፈለጠው የተረፈ ስባሪ ካገኛችሁማ ተገላገላችሁ፤ ሐይቁ ያለሰለሰው ብዙ አይናገርም። የተሰበረውን ፊት አርጥቡና ፀሐይ ላይ አገላብጡት። ትንንሽ ቀዳዳ ካለው የጋዝ አረፋ የነበረበት ነው። አምቦ ውሃ ሲከፈት ምን ይሆናል? ቅልጥ ዐለትም ወደ ላይ ሲወጣ ያው ነው፤ ጫናው ሲቀንስ ውስጡ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው ሳያመልጥ ድንጋዩ ከረጋ ቀዳዳው እዚያው ይቀራል። አንዳንዱ ቀዳዳ ነጭ ነገር ሞልቶታል። እኔ ኖራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በኋላ ውሃ ያስቀመጠው ማዕድን ነው።

ቅንጣቶቹ በዓይን የማይለዩ ከሆነ ድንጋዩ ቶሎ ነው የቀዘቀዘው።

ግን ምን አቀለጠው? «እሳት» ብላችሁ እንዳታልፉት። ይህ ባዛልት የሚባል ድንጋይ ለመቅለጥ ከ1000 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ጉልቻ ስንት ዓመት ቢነድበት ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም። (ከሐይቁ ያወጣችሁትን ድንጋይ ግን ጉልቻ አታድርጉት፤ የያዘው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሊያፈነዳው ይችላል።) ከምድር ቅርፊት በታች ሙቀቱ ከዚህም ያልፋል፣ ድንጋዩ ግን በአብዛኛው ጠጣር ነው፤ የላዩ ክብደት ጭኖ ይዞታል። ትኩሱ ድንጋይ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲመጣ ጫናው ይላላል፣ ያኔ ሙቀት ሳይጨመርበት መቅለጥ ይጀምራል። ያውም ሁሉም አይደለም፣ ለመቅለጥ የሚቀለው ክፍል ብቻ ነው ተለይቶ የሚወጣው። የደጋችን አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዲህ ወጥቶ የፈሰሰ ነው። ጣናን በደቡብ የገደበው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ የመጣ ፍሳሽ ነው።

ቀን ካላችሁ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ጢስ ዓባይ ውረዱ። ዓባይ የሚወረወረው ከረጋ ቅልጥ ዐለት ጫፍ ላይ ነው። ገደሉ ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዐለቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የተሰነጠቀበት ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ መስከረም ሂዱ ይላችኋል። ለፏፏቴው እውነት ነው፤ ለድንጋዩ ግን መጋቢት ይሻላል፣ ውሃው ሲሳሳ ገደሉ ራሱ ይታያል።